ሰራውንድ ወይስ ስቴሪዮ? ጆሯችን እንደሆነ ሁለት ነው

ሜሮን፦ ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ጌም የሚጫወት ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚጠይቀውን ጥያቄ ይዘን መጥተናል። ድምፁን ከዙሪያችን እንደሚመጣ አድርጎ የሚያሰማው ሰራውንድ ሄድሴት ይሻላል ወይስ ግራና ቀኝ ብቻ ያለው ስቴሪዮ ሄድፎን? አቤል፣ አንተ በዚህ ጉዳይ ሆድህ የሞላ ይመስለኛል።

አቤል፦ ሞልቷል! መጀመሪያ የገዛሁት ሄድሴት ካርቶኑ ላይ በትልቁ 7.1 ተጽፎበት ነበር። ብዙ ስፒከር በጆሮዬ ዙሪያ የተደረደረ መስሎኝ ነው የገዛሁት። ከዕለታት አንድ ቀን የጆሮው ስፖንጅ ተቀደደ። ልቀይረው ሳወልቀው ውስጡን አየሁት። በግራ አንድ ስፒከር፣ በቀኝ አንድ ስፒከር። በቃ።

ሜሮን፦ ታዲያ የቀሩት የት ገቡ?

አቤል፦ ሶፍትዌሩ ውስጥ። 7.1 የሚለው አቆጣጠር የመጣው ከቤት ሲኒማ ነው። ሰባት ስፒከር ክፍሉን ይከባል፣ ነጥብ አንዱ ደግሞ ለወፍራሙ ድምፅ ብቻ የሚቀመጠው ሰብዉፈር ነው። ጌሙ ለእነዚህ ሁሉ ያዘጋጀውን ድምፅ ሶፍትዌሩ ይቀበልና ለሁለት ጆሮ እንዲሆን አድርጎ ያቀናብረዋል። ቨርቹዋል ሰራውንድ የሚሉት ይሄንን ነው።

ሜሮን፦ እውነተኛ ብዙ ስፒከር ያላቸውስ የሉም?

አቤል፦ አሉ፤ በየጎኑ ሦስት አራት ትንንሽ ስፒከር የተገጠመባቸው። ግን ሁሉም ከጆሮሽ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ነው ያሉት። ደግሞም ይከብዳሉ። እኔ ለማንም አልመክርም።

ሜሮን፦ እዚህ ጋ ላቁምህ። ግራና ቀኝ ይገባኛል። ግን ሁለት ስፒከር ብቻ ከኋላዬ የሚመጣን ጠላት እንዴት አድርጎ ያሰማኛል?

አቤል፦ አንቺ ራስሽ በሁለት ጆሮ አይደል እንዴ የምትሰሚው? ከቀኝ የመጣ ድምፅ መጀመሪያ ቀኝ ጆሮሽ ይደርሳል። ግራው የሚዘገየው ቢበዛ በ0.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ አንጎልሽ ግን ይይዘዋል። በዚያ ላይ ጭንቅላትሽ ራሱ ድምፁን ስለሚጋርደው ግራ ጆሮሽ ጋ ደከም ብሎ ይደርሳል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1907 ጽፎታል። የፊትና የኋላው ግን ሌላ ነው። እሱን የሚለየው የውጪው ጆሯችን እጥፋት ነው። ድምፁ እጥፋቱ ላይ ሲነጥር ቀለሙ ትንሽ ይቀየራል።

ሜሮን፦ የነገርከኝን የቁልፍ ሙከራ እኮ ትናንት ሠራሁት! ዓይኔን ጨፈንኩ። እህቴ ቁልፍ ይዛ አንዴ አፍንጫዬ ፊት፣ አንዴ ከማጅራቴ ኋላ ታንሿሿለች። ራሴን ሳላነቃንቅ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ትንሽ ዞር ስል ግን ወዲያው ቦታውን አገኘሁት።

አቤል፦ አየሽ! መሃል ላይ ያለ ድምፅ ከፊትም ይምጣ ከኋላ ለሁለቱም ጆሮ እኩል ነው የሚደርሰው። ስለዚህ አንጎል ራስሽን እስክታዞሪ ይጠብቃል። ጌም ላይም ያው ነው። ኮቴ ሰምተሽ ከተጠራጠርሽ ማውሱን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ በይ። ድምፁ ወዴት እንደተንሸራተተ ስትሰሚ ታውቂዋለሽ።

ሜሮን፦ ይሄ ለእኔ ከሄድሴቱ ዋጋ በላይ ነው።

አቤል፦ ዋናው ነገር ደግሞ አሁን ብዙ ጌም ይህንን ስሌት ራሱ ይሠራል። ኤችአርቲኤፍ ይሉታል፤ የጭንቅላትንና የጆሮን ቅርጽ አስልቶ ለሁለት ጆሮ የሚያዘጋጅ ነው። ቫሎራንት የተባለው የተኩስ ጌም ሴቲንጉ ውስጥ አለው። ኦቨርዎች የተባለው ጌምም በ2016 ሲወጣ ዶልቢ አትሞስ የተባለው የ3ዲ ድምፅ ለሄድፎን አብሮት ነበር። ፕሌይስቴሽን 5ም በ2020 ቴምፐስት የተባለውን የ3ዲ ድምፅ ይዞ መጣ፤ ተራ ስቴሪዮ ሄድፎን ይበቃዋል። ጌሙ እያንዳንዱ ኮቴ የት እንዳለ በትክክል ያውቃል። የሄድሴቱ ሶፍትዌር ግን የሚደርሰው ለእነዚያ ስፒከሮች የተከፋፈለው ድምፅ ብቻ ነው።

ሜሮን፦ ሁለቱንም ባበራቸውስ?

አቤል፦ እባክሽ እንዳታደርጊው! የተሰላው ድምፅ እንደገና ይሰላል። ኮቴው በርሜል ውስጥ የሚራመድ ሰው ይመስላል፣ አቅጣጫውም ይጠፋል። ብዙ ሰው «ሄድሴቴ አይረባም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱን አጥፉ። ጌሙ የራሱ ካለው የሄድሴቱን አጥፉ።

ሜሮን፦ እኔ ግን ለሰራውንድ ልከራከርለት። ታሪክ ያላቸውን ጌሞች ነው የምወደው። ጫካ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ፣ ሰራውንዱን ሳበራው ዙሪያዬ ይሰፋል። ስቴሪዮው ላይ ዝናቡ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዘንብ ነው የሚመስለኝ።

አቤል፦ አልከራከርሽም። ለፊልም ጥሩ ነው፤ ለሄድፎን የሚሆን የራሳቸው ስሌት ለሌላቸው የቆዩ ጌሞችም እንደዚያው። ግን ጌሙ ሴቲንግ ላይ ድምፁ 7.1 ተብሎ መመረጥ አለበት። ካልሆነ ሶፍትዌሩ የሚደርሰው ስቴሪዮ ነው፤ እሱን ነው ዝም ብሎ የሚለጥጠው። ዊንዶውስ ላይ ከ2017 ጀምሮ ዊንዶውስ ሶኒክ የተባለ ቨርቹዋል ሰራውንድ በነፃ አለ። ስለዚህ ለመሞከር ብቻ ብለሽ አዲስ ሄድሴት አትገዢ።

ሜሮን፦ አንዱ ሰው የሚያደንቀውን ሌላው ለምን ይጠላዋል?

አቤል፦ የጆሮ ቅርጽ ነዋ። ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በአማካይ ጆሮ ነው። የአንቺ ጆሮ ከዚያ ከራቀ ኋላ ያለው ፊት ይመስልሻል። ስለዚህ የሰው ግምገማ ብቻ አንብቦ መወሰን ያስቸግራል። እኔ ገንዘቤን የማወጣው ጥሩ ድምፅ ባለው ስቴሪዮ ላይ ነው። ማይኩን ለብቻው እገዛለሁ።

ሜሮን፦ ጀርባቸው ክፍት የሆኑት ሄድፎኖችስ?

አቤል፦ ድምፃቸው ሰፊ ነው፣ ጆሮም አያሞቁም። ግን የውጪውን ጫጫታ ያስገባሉ፣ የአንቺንም ያወጣሉ። ብቻሽን ጸጥ ያለ ክፍል ካለሽ እነሱን እመርጣለሁ።

ሜሮን፦ እሺ፣ ሄድሴቴን በእጄ ይዤ ልሞክረው። እንዴት ነው የምፈትነው?

አቤል፦ ጌሙ ውስጥ ባለው የልምምድ ክፍል መሃል ላይ ቁሚ። ዓይንሽን ጨፍኚ። ጓደኛሽ በዙሪያሽ ይራመድና ይቁም። የት እንደቆመ በእጅሽ ጠቁሚ፣ ከዚያ ዓይንሽን ገልጠሽ ዞረሽ እዪ። አሥር ጊዜ ሰራውንዱ በርቶ፣ አሥር ጊዜ ጠፍቶ። ቁጥሩን ጻፊው።

ሜሮን፦ ዛሬ ማታ እንሞክረው?

አቤል፦ ሁለት ሰዓት ላይ እገባለሁ። እኔ እዞራለሁ፣ አንቺ ትጠቁሚያለሽ። ውጤቱን በሚቀጥለው ክፍል እናነበዋለን።