አርባውና ሰማንያው በአንድ እሁድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ እሁድ ላጫውታችሁ ነው። ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቃና ዘገሊላ፣ የጥምቀት ማግስት።

እኛ ጀርመን አገር በአንዲት ትንሽ ከተማ የምንኖር የተዋሕዶ ልጆች ነን። ሕፃን አዋቂው ተደምሮ አርባ አንሞላም። የራሳችን ሕንፃ የለንም፤ ተከራይተን ነው የምናስቀድሰው። ካህናቱም ከሌላ ከተማ በባቡር ነው የሚመጡልን።

ጥቅምት 23፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ ከመካከላችን አንዷ ሴት ልጅ ተገላገለች። ቀን የሚቆጥሩልን እማማ ናቸው። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። በስልክ ካላንደር አያምኑም። «የእኛ ወር ሁሉም ሠላሳ ነው፣ አያሳስትም» ይሉና በጣታቸው ይቆጥራሉ። የተወለደችበትን አንድ ብለው ሲቆጥሩ ሰማንያው ጥር 12 ላይ ዋለ። ክርስትና እናት እንዲሆኗት የተለመኑትም እሳቸው ነበሩ። እሺ አሉ፣ መረቁ።

ከዚያ ታኅሣሥ 3፣ በበዓታ ዕለት፣ የእማማ ባለቤት አረፉ። ለካ የእሳቸውም አርባ ጥር 12 ነው።

ያን ሰሞን «እንዴት ይሆናል?» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ክርስትናና ተዝካር በአንድ አዳራሽ! አራሷ ደስ ብሏት አትውል፣ ሐዘንተኛዋ አልቅሰው አይወጣላቸው። ተዝካሩ በሳምንቱ ይሁን አልኩ። ክርስትና እናትም ሌላ ይፈለግ ተባለ። እማማ ግን «ልጅቷን የተቀበልኩት እሱ እያለ ነው። እሱም ያውቃል» አሉና ነገሩን ዘጉት።

አርባና ሰማንያ ከየት መጣ ለምትሉ፣ መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ የምናስጠምቀው ለዚህ ነው። ለሞተ ሰውም አርባና ሰማንያ እንቆጥራለን። ይህንን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሁለቱ አንድ ቀን ላይ ሲገናኙ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ማለዳ ውጪው በረዶ ነው። ውኃው ሞቅ ተደርጎ በትልቅ ሳፋ ቀረበ። እማማ ከል ለብሰዋል፤ ከላይ ግን ነጭ ነጠላ ደርበዋል። ሕፃኗን ታቅፈው ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ካዱላት። ወደ ምሥራቅ ዞረው ስለ እሷ አመኑ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እኔ ግን የነጠላውን ጥለትና ከሥሩ ብቅ ያለውን ጥቁር ቀሚስ ሳይ አላስቻለኝም። ልጅቷ ሦስት ጊዜ ተነክራ ስትወጣ ጩኸቷ ጣራውን ነካው። መጀመሪያ እልል ያሉት እማማ ናቸው። በአርባ ቀናቸው!

ቅዳሴው ላይ እናትና ልጅ አብረው ቆረቡ። እናትየዋ ከወለደች ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ቀጥሎ ጸሎተ ፍትሐት ሆነ። ያቺው እናት ልጇን ታቅፋ እማማ ጎን ቆማ ታለቅስ ነበር።

አዲስ አበባ ሳለሁ፣ ትልቅ ደብር ውስጥ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ሳላውቅ እልል ብዬ አልፌያለሁ። የማን ፍትሐት እንደሆነ ሳልጠይቅም ወጥቻለሁ። እዚህ ግን ማን ይቀራል? አንድ ሰው ከጎደለ ወንበሩ ይታያል። ተዝካሩን ወደ ሌላ ቀን ላዛውር ያልኩት ሐዘንን ከደስታ ላድን ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። አራሷን ብቻዋን ላስደስት፣ እማማን ብቻቸውን ላስለቅስ ነበር።

ማዕዱም አንድ ሆነ። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ድፎ ዳቦው፣ ዶሮ ወጡና ንፍሮው ተደርድሯል። ልጆቹ ንፍሮውን በእፍኛቸው እየዘገኑ ይሯሯጣሉ። የሟቹ ወዳጆች ስለ እሳቸው እያወሩ ሕፃኗን ይቀባበሏታል። ማዕተቧ አንገቷ ላይ ገና አዲስ ነው።

ማታ ዕቃ ስናጥብ እማማ እጃቸውን አደራረቁና እንደገና ጣታቸውን ይዘው መቁጠር ጀመሩ። «ሰማንያው የካቲት 22 ነው። ሁዳዴ ሳይገባ» አሉ። ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞረው፣ «ልጄን ይዘሽልኝ ነይ፣ ሞቅ አድርገሽ አልብሻት» አሏት።