አሸዋ የወረሳቸው ቤቶች

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራላችሁ ናሚብ በረሃ ውስጥ ስላለች አንዲት ወና ከተማ ነው። ኮልማንስኮፕ ትባላለች። ናሚቢያ ውስጥ፣ ከሉደሪትዝ ወደብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ ትገኛለች። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

መጀመሪያ የገባሁት የታደሱት ቤቶች ውስጥ ነበር። ከተማዋን ሰው ጥሏት ከሄደ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1980 አካባቢ፣ የአልማዝ ኩባንያው ዲ ቢርስ የተወሰኑትን አሳድሶ ሙዚየም አቋቋመ። ትልቁን አዳራሽ ስታዩ ታዝናላችሁም ትደነቃላችሁም። እዚያው ሕንፃ ውስጥ የቦውሊንግ መጫወቻ አለ። ሆስፒታሉ ለዘመኑ ብርቅ የሆነ ኤክስሬይ ነበረው። የበረዶ ፋብሪካም ነበር። ልብ በሉ፣ ውሃ ከኬፕታውን በመርከብ ይመጣ በነበረበት ምድር ነው ይሄ ሁሉ!

ካልታደሱት ቤቶች አንዱን በር አልፌ ስገባ ግን ሌላ ዓለም ነው። አሸዋው በመስኮት ገብቶ ግድግዳው ወገብ ድረስ ተከምሯል። በሩ ከተከፈተበት አልነቃነቅ ብሏል፤ አሸዋ ይዞታል። የግድግዳው ቀለም አሁንም አለ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ፣ አረንጓዴውም አረንጓዴ። ድምፅ የለም። ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱትን ቤት አሸዋው ወርሶታል። እዚያ ብዙ ቆምኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ይህች ከተማ የተወለደችው በአንድ ሠራተኛ ዓይን ነው። ስሙ ዘካርያስ ሌዋላ ይባላል። ሥራው የባቡር ሐዲዱን የሚቀብረውን አሸዋ በአካፋ መጥረግ ነበር። ቀደም ሲል ኪምበርሊ ውስጥ፣ አልማዝ በሚወጣበት አካባቢ ስለሠራ ጥሬ አልማዝ ምን እንደሚመስል ያውቃል። በኤፕሪል 1908 አንድ ድንጋይ አገኘና ለአለቃው ለአውጉስት ሽታውክ ሰጠው። ሽታውክ የፍለጋ ፈቃድ አወጣ፣ ከበረ። ሌዋላ ግን የተከፈለው ነገር የለም። ብዙም ሳይቆይ፣ ያኔ አገሩን በቅኝ ግዛት የያዘው የጀርመን መንግሥት ሰፊውን በረሃ የተከለከለ ግዛት ብሎ አጠረው።

ሐዲዱ ራሱስ? ከሉደሪትዝ ዳርቻ ሻርክ ደሴት የሚባል ቦታ አለ። ከ1905 እስከ 1907 ጀርመኖች ሄሬሮና ናማ ከሚባሉት የአገሬው ሕዝቦች የማረኳቸውን ያጎሩበት ካምፕ ነበር። ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ሳይሉ በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ ረገፉ። በሕይወት ከነበሩት ውስጥ ይህንን የባቡር መስመር እንዲሠሩ የተገደዱ አሉ። ሌዋላ አሸዋ ሲጠርግ የቆመው ሰው ባለቀበት ሐዲድ ላይ ነበር። ጀርመን ድርጊቱን በይፋ የዘር ማጥፋት ብላ የጠራችው በ2021 ነው።

አልማዙን የለቀሙትም ከሰሜን በኮንትራት የመጡ የኦቫምቦ ሠራተኞች ነበሩ። በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳኹ፣ ከአሸዋው ላይ አንድ በአንድ። ቅድም ያልኳችሁ ኤክስሬይ አልማዝ ውጠው እንዳይሄዱ መፈተሻም ነበር። ይህንን ስሰማ ያደነቅኩት ማሽን አስጠላኝ።

የከተማዋ ዕድሜ አጭር ነበር። በ1928 ወደ ደቡብ፣ ኦሬንጅ ወንዝ አካባቢ የተሻለ አልማዝ ተገኘና ሰው ወደዚያ ነጎደ። የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች በ1956 ወጡ።

ሂዱና እዩዋት፣ ከልቤ ነው የምላችሁ። በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። አስጎብኚው አዳራሹንና የሥራ አስኪያጁን ቤት በደንብ ያሳያችኋል። እናንተ ግን ሠራተኞቹ የት ይተኙ እንደነበር ጠይቁት። ስለ ሌዋላም ጠይቁት። ከዚያ ሉደሪትዝ ስትመለሱ ሻርክ ደሴትን ሳታዩ እንዳትወጡ። እኔ የሄድኩት ማታ ላይ ነበር። የመታሰቢያ ድንጋዮቹ አጠገብ ቆሜ፣ ያ ሁሉ አልማዝ የወጣበትን በረሃ ከባሕሩ ወዲህ ሆኜ አየሁት።

አመሰግናለሁ።