ታንኳው ውሃ ሲጠጣ
ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረማችሁ። ባሕር ዳርም ሆናችሁ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆናችሁ ቡሬ፣ ጆሯችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን እ.ኤ.አ. በ1974 ካወጡት ወዲህ የምናባዊ ሚና ጨዋታ ሕግ በዝቷል፤ ይኼ ተጫዋቾች የምናብ ገጸ ባሕርይ ሆነው አንድ መሪ በሚተርከው ታሪክ ውስጥ የሚወስኑበት፣ የሚሞክሩት ይሳካ እንደሆነም ዳይስ የሚለይበት ጨዋታ ነው። መብዛቱ አያስጨንቀኝም። የሚያሳስበኝ ሕጉ ለብቻው፣ ታሪኩ ለብቻው ሲሄድ ነው።

አንድ ትዕይንት እንያዝ። አራት ተጫዋቾች በሌሊት ከዘጌ ተነስተው በደንገል ታንኳ ወደ አንዲት ደሴት ይሻገራሉ። ደሴቷ የምናብ ናት፤ ጠልሰም የሚጽፍ ደብተራ ተሸሽጎባታል እንበል። የጨዋታው መሪ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ያስጥላል። ቀዛፊው በወጣለት ላይ ለገጸ ባሕርይው ችሎታ 4 ይደምራል፤ መድረስ ያለበት 10 ላይ ነው። ስለዚህ 6ና ከዚያ በላይ ከወጣለት ተሳካለት፤ ዕድሉ 75 በመቶ ነው። ደኅና ይመስላል። ነገር ግን መሪው ለመነሻው፣ ለማዕበሉ፣ ለጨለማው፣ ለመድረሻው እያለ አራት ጊዜ ካስጣለ፣ አንዱ ሲበላሽም ጉዞው የሚከሽፍ ከሆነ፣ አራቱም የመሳካታቸው ዕድል ወደ 32 በመቶ ይወርዳል። ቀላል ጉዞ የሰጠ መስሎት፣ ከሦስት ቡድን ሁለቱን የሚያስቀር ጉዞ ሰጠ ማለት ነው።

እኔ ሕጉን ከራሱ ከታንኳው አውጡት እላለሁ። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፤ ከጉዞ በኋላ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ይኼን የሚያውቅ ሰው ሕጉን በግማሽ ጨርሶታል። ወረቀት ላይ አራት ሳጥን ሥሩ። ያልተሳካ ሙከራ አንድ ሳጥን ያጠቁር፤ 1 ከወጣ ደግሞ ሁለት። ተሳካም አልተሳካም ታንኳው ወደፊት ይሂድ። ሁለተኛው ሳጥን ሲጠቁር ዕቃ ይጣል፤ የስንቁ አቁማዳ ነው ወይስ የብራና መጻሕፍቱ? ክርክሩን ለተጫዋቾቹ ተዉላቸው፣ አትቸኩሉ፤ ማን ምን እንደሚወድ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። አራተኛው ከጠቆረ ቅርብ ወደሆነው ዳርቻ መጠጋት ግድ ይላል፤ እዚያ ማን እንደሚጠብቃቸው መሪው አስቀድሞ ጽፎ ይያዝ።

ከሁሉም የምወደው መመለሻውን ነው። ታንኳው ፀሐይ ካላገኘ የጠቆረው ሳጥን እንደጠቆረ ይቆያል። በዚያው ሌሊት የሚሸሽ ቡድን ከባድ ታንኳ ይዞ ይሸሻል፤ እስኪደርቅ የሚጠብቅ ደግሞ ደሴቷ ላይ ይነጋበታል።

ሁለተኛ ሰው አብሮ ከቀዘፈ ሁለቴ ተጥሎ ትልቁ ይያዝ፤ 75 የነበረው ወደ 94 በመቶ ይጠጋል። ይኼ ትልቅ ጉርሻ ነውና ዋጋ ይኑረው፦ የሚያግዘው ሰው ዙሪያውን መቃኘት አይችልም፤ ጉማሬ ብቅ ካለ ቀድሞ አያይም። ዋጋው ከመጣሉ በፊት ይነገር። ከተጣለ በኋላ የሚነገር ቅጣት ጭቅጭቅ ያመጣል፤ ማምጣቱም ተገቢ ነው።

ባለ 20 ገጽ ዳይስ ከሌላችሁ 20 ቆርኪ ይበቃል። አንድ ዓይነት፣ ያልተጣመመ ምረጡ፤ የተጣመመውን ጣት ይለየዋል። በውስጡ ከ1 እስከ 20 በማርከር ጻፉ፣ 6ና 9 እንዳይምታቱ ሥራቸውን አስምሩ፣ በማያሳይ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። የወጣው ቆርኪ በየጊዜው ይመለስና ከረጢቱ ይናጥ። ካልተመለሰ ትንንሾቹ ባለቁ ቁጥር የትልቁ ዕድል ይጨምራል፤ ነቃ ያለ ተጫዋችም ቆጥሮ ተራውን ይጠብቃል። ሁለቴ ሲወጣም የመጀመሪያው ሳይመለስ ሁለተኛው አይውጣ።

ደሴቷ ላይ ከደረሱ በኋላ፣ ጎጃም የቅኔ አገር ነውና፣ የደብተራውን በር በቅኔ መቆለፍ ያጓጓል። ያምራልም። ግን ወርቁን ማንም ካላገኘ ጨዋታው በር ላይ ይቆማል፤ የሚፈተነው ገጸ ባሕርይው ሳይሆን ተጫዋቹ ስለሆነ ቁጥርም አያድነውም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሌላ መግቢያ አዘጋጁ፦ ጉቦ የሚቀበል ዘበኛ፣ በኃይል የሚሰበር መስኮት። ቅኔውን የፈታ ሳይሰማ ይግባ፤ ለዘበኛው የከፈለ ነገ የሚናገር ምስክር ይኑረው፤ መስኮት የሰበረ ደሴቷን ይቀስቅስና ሁለት ሳጥን ወደጠቆረበት ታንኳው ይሩጥ።