ትሪር፦ ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሶ የተረፈው በር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ባቡር መዘግየት ዳግመኛ ላላወራ ቃል ገብቼላችኋለሁ፤ ጀርመን አገር ያለችው ትሪር በሰዓቱ አልደረስንም፣ በዚሁ ይብቃ። ዛሬ የማነሣው እማዬ በፖርታ ኒግራ፣ በጥቁሩ በር ሥር ቆማ የተናገረችውን ነው፤ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

በሩን ሮማውያን የሠሩት በ170 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የምጠራላችሁ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ድንጋዮቹን ያያያዙት በኖራ ሳይሆን በብረት ስለነበር፣ በመካከለኛው ዘመን ብረቱን ለመንቀል የተቦረቦሩት ቀዳዳዎች ዛሬም በየመጋጠሚያው ይታያሉ። እማዬ በአንዱ ቀዳዳ ጣቷን አስገብታ ታዳምጠኝ ነበር። ስምዖን የተባለ ግሪካዊ መነኩሴ በዚያ በር ውስጥ ራሱን ዘግቶ እንደኖረ፣ በ1035 ሲያርፍም እዚያው እንደተቀበረ፣ በኋላም በሩ ወደ ቤተ ክርስቲያንነት በመለወጡ ድንጋዩ ለሌላ ግንባታ ሳይወሰድ እንደተረፈ ነገርኳት። «እሰይ» አለች። ናፖሊዮን በ1804 መጥቶ፣ የሮማውያኑ ሥራ እንዲገለጥ ቤተ ክርስቲያኑ እንዲነሣ ማዘዙን ስጨምርላት ግን ጣቷን አወጣችና፣ «ያዳነውን አፍርሰው የዳነውን ያስጎበኛሉ?» አለችኝ።

ያዳነውን አፍርሰው! ስለ ቅርስ ጥበቃ የማውቀውን ልደረድርላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እሷም መልስ አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ካቴድራሉ አመራች፤ አረማመዷን ታውቁታላችሁ፣ ከኋላዋ መሮጥ ነበረብኝ።

ካቴድራሉ ደጃፍ ላይ ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን የወደቀ የጥቁር ድንጋይ ዓምድ ተጋድሟል፤ ልጆች ሲንሸራተቱበት ጀርባው እንደ መስተዋት ለስልሷል። እዚያ ላይ አስቀምጫት ነው ስለ ቅዱስ አትናቴዎስ ያጫወትኳት። ቆስጠንጢኖስ በ335 መገባደጃ ከእስክንድርያ አሳድዶ የላከው ወደዚህች ከተማ ነበር። በኋላ አትናቴዎስ ለቆስጠንጢኖስ ልጅ ለንጉሠ ነገሥቱ ለቆንስጣንዮስ በጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ፣ ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ ገና በመሠራት ላይ ባለ ቤተ ክርስቲያን ለበዓል ሲሰበሰብ በትሪር ማየቱን ይመሰክራል። የሚገርመው፣ ቆንስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለወንድሙ ስለ አባ ሰላማ የላከው ደብዳቤም ተጠብቆ የደረሰን በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ መሆኑ ነው። አባ ሰላማን የሾመልን ጳጳስ በዚህ አየር ተንፍሷል እያልኩ ስመሰጥ፣ እማዬ ብርድ ልብስ ይዞ እንደነበር ጠየቀችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሙዚየም ገባን። በ1993 የተገኘውን፣ 18 ኪሎ ተኩል የሚመዝነውን የሮማውያን የወርቅ ሳንቲም ክምችት ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። እኔም ልቤ ካቴድራሉ ጋ ነበር፤ የሮማውያኑ ግንብ፣ የመካከለኛው ዘመን ግድግዳና የኋለኞቹ ጌጦች ሳይገፋፉ አብረው የቆሙት እዚያ ነው፤ አንዱን ዘመን ለማሳየት ሌላውን መግፈፍ ግፍ ነው የሚለው ሐሳብ እውነት የሚመስለኝም ለዚህ ነው። ሆኖም በላይ በላዩ የሚጨምር ሁሉ ከሥሩ ያለውን መሸፈኑ አይቀርም፤ የሮማውያኑን በር ለዘመናት የሸፈነው ያው ቤተ ክርስቲያኑ ነበርና፣ ናፖሊዮን ባያዝ ኖሮ እማዬ ጣቷን የምታስገባበት... አይ፣ ለናፖሊዮን ጥብቅና ልቆም አይደለም።