የቧንቧው ጉዳይ፦ በወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

ውድ ወላጆች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ከወረዳና ከክፍለ ከተማ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ከገላን ጉራ ታክሲ ቀያይራችሁ አራት ኪሎ የደረሳችሁም አላችሁ። ስለዚህ ሳላስረዝም ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምናገረው ስለ አንድ ቧንቧ ነው።

ባለፈው ኅዳር የሴቶች መጸዳጃ ቤት ዋና ቧንቧ ፈነዳ። ጥበቃችን በጎማ አሰሩት፤ አልያዘም። ውሃው ተዘጋ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረታችን (ወተመህ) በማግስቱ ተሰበሰበ። ገንዘብ ነበረን። ይህን ልብ በሉልኝ። ከአዳራሽ ኪራይና ከሻይ ክበቡ የተሰበሰበ የውስጥ ገቢ ባንክ ተቀምጧል። ሠራተኛም አላጣንም። ከደጃች ውቤ ሰፈር አንድ ቧንቧ ሠራተኛ መጣ፤ ልጆቹ እዚሁ ይማራሉ። አየውና «በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ» አለ። ደረሰኝ ግን የለውም፤ ያለ ደረሰኝ ደግሞ መክፈል አንችልም።

ስለዚህ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሰበሰብን። ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤው ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ሄደ። አንዱ ጋ የሒሳብ መደቡ ትክክል አይደለም ተብሎ ተመለሰ። አስተካክለን ላክን። የሚፈርሙት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ሳምንት ጠበቅን። ፈቃዱ ሲመጣ የፕሮፎርማው ጊዜ አልፎበታል፤ ዋጋውም ጨምሯል። እንደገና ከሀ ጀመርን። ቧንቧው የተሠራው በየካቲት ነው።

በነዚያ ወራት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሴቶች ልጆቻችን በየወሩ ቀናት ይቀሩ ነበር። ለምን እንደቀሩ አንዷም አልነገረችንም። የስም መጥሪያው ግን ያሳያል። የእኔም ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። አንድ ጠዋት «እማዬ፣ ሆዴን አሞኛል፤ ዛሬ አልሄድም» አለችኝ። አመንኳት። ምክንያቱ የገባኝ በሌላው ወር ነው። እናቷ ሆኜ፣ የወላጆች ሰብሳቢም ሆኜ፣ ገንዘቡ ባንክ መኖሩን እያወቅኩ ልጄ በውሃ እጦት ቤት ዋለች። ይህ ከልቤ አልወጣም።

በየቢሮው ያገኘኋቸው ሠራተኞች አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው። መመሪያው ያዘዛቸውን ነው የሠሩት። ስለዚህ እኔም የምናገረው ስለ መመሪያው ነው።

ገንዘባችን ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። ብዙ ወላጅ አይነገረውምና። ትልቁ የመንግሥት በጀት ነው፤ አብዛኛው ደመወዝ ነው። የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ ይባላል፤ ጠመኔ፣ ወረቀት፣ ጽዳት፣ ጥገና ከዚያ ነው። ሁለተኛው ስኩል ግራንት የምንለው ድጎማ ነው። በ2001 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ሲጀመር የመጣ ነው፤ በተማሪ ቁጥር ይሰላል። ሦስተኛው የውስጥ ገቢያችን ነው። አራተኛው የእናንተ መዋጮ ነው፤ በብር፣ በሲሚንቶ፣ በቀለም፣ በጉልበት።

የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ትምህርት የሚጀምረው ደግሞ መስከረም ላይ ነው። በጀት ሲከፈት ግቢው ክረምት ነው። ገንዘቡ ተለቆ እጃችን እስኪገባ ልጆቹ ክፍል ገብተዋል። ሰኔ ላይ ደግሞ ያልተነካው ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ መስከረም ላይ ጠመኔ እንበደራለን፤ ግንቦት ላይ በጥድፊያ እንገዛለን። በጥድፊያ የተገዛ ዕቃ ምን እንደሚመስል ቤት የምታስተዳድሩ ሁሉ ታውቃላችሁ።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ነገር ተከተለ። መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ መጣ። ከፒያሳና ከዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤተሰብ ተነሳ። ተማሪዎቻችን ቀነሱ። ድጎማው በልጅ ቁጥር ስለሆነ ልጅ በወጣ ቁጥር ገንዘቡም አብሮ ይወጣል። ጣሪያው ግን ያው ጣሪያ ነው። ዝናቡም ያው ነው። ቀጥሎ በሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ሁሉ ተወደደ፤ ወረቀቱም፣ የማባዣው ቀለምም። በቀድሞው ዋጋ የታቀደው በጀታችን ግን ባለበት ቀረ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 የከተማችን የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አለው፤ አስተዳደሩ ደግሞ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው። በጀታችን ከከተማው ይመጣል። ሥርዓተ ትምህርቱ፣ የትምህርት ቤት ደረጃው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናው ከትምህርት ሚኒስቴር ይመጣል። እኛ ከሁለቱም በታች ነን። በኢንስፔክሽን፣ ማለትም በትምህርት ቤቶች የጥራት ቁጥጥር፣ ስንመዘን 25 በመቶው ለግብአት ነው፣ 35 ለሂደት፣ 40 ለውጤት። ግብአቱን በራሳችን ውሳኔ መግዛት አንችልም። ውጤቱም ከግብአቱ ይወለዳል። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። ቁጥሩ ሲነገር አገር ሁሉ ደነገጠ። እነዚያ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት የተቀመጡባቸውን ክፍሎች ግን ስንቶቻችን አይተናል? ኃላፊነቱ በየደረጃው ወደ ታች ሲወርድ ይኖራል። የገንዘቡ ውሳኔ ግን ላይ ቀርቷል። የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው።

ይህ የኛ ዘመን ችግር ብቻ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ሲታወጅ፣ ከየግዛቱ መሬት የተሰበሰበው ለዚያው ግዛት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲውል ታስቦ ነበር። የትምህርት ቦርዶችም ተቋቁመው ነበር። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ትእዛዝ ወጣ፤ የገንዘብ አቅም የሚሰጣቸውን ሕግ ግን ፓርላማው አላጸደቀውም። ሥልጣኑ ወረቀት ላይ ቀረ። በደርግ ጊዜ የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ዞሩ፤ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች መጡ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አመራሩ ያልተማከለ ይሁን አለ። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የአመራር፣ የአደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ደግሞ የኛን ወተመህ ሥራ ዘረዘረ። መመሪያውን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ሰነድ ነው። ትምህርት ቤቱ የኅብረተሰቡ ነው ይላል።

አሁንም «ትምህርት ለትውልድ» በሚለው ንቅናቄ ሚኒስቴሩ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቱን እንዲያድስ ይጠይቃል። እኛም እሺ ብለናል። ያለንበትን አዳራሽ ቀለም የቀባችሁት እናንተ ናችሁ። ያኔ አንዲት እናት፣ ጉሊት ቸርቻሪ ናቸው፣ መቶ ብር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡልኝ። ደረሰኝ ስቆርጥላቸው «እኔ ማንበብ አልችልም፤ ለምን እንደዋለ ብቻ ንገሪኝ» አሉኝ። እኒህ እናት ስለ መቶ ብራቸው የመጠየቅ መብት አላቸው። በመቶ ብራቸው ላይ የመወሰን መብትም አላቸው።

እድራችንን አስቡት። ድንኳኑ ሲቀደድ ሦስት ወር ደጅ አንጠናም። ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዡ ይፈርማሉ፣ ይሰፋል፣ በወሩ ስብሰባ ሒሳቡ ይነበባል። ያጠፋ ይጠየቃል። ይህን ሥራ እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እድር የሚመራ ሕዝብ የትምህርት ቤት ቧንቧ ማስጠገን ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ቁጥጥር ይቅር አላልኩም። የትምህርት ቤት ገንዘብ ሲበላ አይተናል። ኦዲተር ይምጣ፣ ሰነዳችንን ያገላብጥ፣ የገባ ዕቃ በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ መግባቱን ይመልከት። ደግሞም ማዕከሉ የግድ የሚያስፈልግበት ሥራ አለ። እኛ መሀል ከተማ ነን፤ የሚከራይ አዳራሽ አለን። ዳር ያለው ትምህርት ቤት ምን ያከራያል? ያንን ማመጣጠን የከተማው ሥራ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ከተማው ምገባውን፣ ዩኒፎርሙንና ደብተሩን መያዙ ስንት ልጅ ከመንገድ እንደመለሰ ዓይኔ አይቷል። ለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ከወረዳና ከክፍለ ከተማ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ ይህን አድርሱልን። የውስጥ ገቢያችንን በተመለከተ የብር ጣሪያ ይወሰንልን። ከዚያ ጣሪያ በታች ለሆነ አስቸኳይ ጥገና ርዕሰ መምህሩና ወተመህ በጋራ ፈርመው ያሠሩ፤ በ15 ቀን ውስጥ ሒሳቡን ያቅርቡ። የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛና አናጺም በሦስት ምስክር ፊርማ ክፍያ ይቀበል። ድጎማው ሲሰላ ደግሞ ለሕንፃው የሚሆን፣ በልጅ ቁጥር የማይወርድ መነሻ ይኑረው።

ወላጆች፣ ከእናንተም የምፈልገው አለ። መዋጮ ማንም አይገደድ። ያልከፈለ ወላጅ ልጁ እንዳይመዘገብ የሚል ቃል ከማንም አፍ ብትሰሙ ያኑ ዕለት ንገሩኝ። ከዛሬ ጀምሮ የየወሩ ገቢና ወጪ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ይለጠፋል። ማንበብ ለሚቸግረው ልጆቻችን ያነቡለታል።

እነዚህን ጥያቄዎች የያዘ ደብዳቤ አዘጋጅተናል፤ ሦስት ገጽ ነው። አሁን ሒሳብ ሹማችን የዓመቱን ሒሳብ ታነብላችኋለች፤ የቧንቧውም ወጪ አለበት። ጥያቄያችሁን ጠይቋት። ከዚያ ደብዳቤው ይሂድ የምትሉ እጅ ታወጣላችሁ።