የዘለልኩት ሰው

እንደምን ሰነበታችሁ? ዝናቡ እንደ ልማዱ ከእኔ ቀድሞ ስቱዲዮ ገብቷል፤ ስቱዲዮ የምለው ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነችውን ይህችን ክፍሌን ነው። በነሐሴ ጅማ ላይ ተቀምጦ ድምፅ የሚቀዳ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ እኔ ነኝ።

ዛሬም ስለ ቤዝ ጊታር ተጫዋቾች ነው የማወራው። «ደግሞ ጀመረው» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስለማይመሰገኑ ቤዚስቶች ለሁለት ዓመት ስለፈልፍ የኖርኩት ሰው በእህቴ መልስ ላይ ያደረግሁትን ነገር ካልተናገርኩት የሚለቀኝ አይመስለኝም።

መድረኩን የመራሁት እኔ ነበርኩ። ባንዱ አምስት ሰዎች ነበሩት። ኦሮምኛው ተጀምሮ አዳራሹ በጭፈራ በተናወጠበት ሰዓት፣ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሰዉ ትከሻ ቀስ በቀስ ከበደ። ድምፃዊው አላቋረጠም፣ ኪቦርዱም ድራሙም እንደነበሩ ናቸው፤ ምጣዱ ከላይ ተጥዶ እሳቱ ከሥር የተሳበ ያህል ግን ነገሩ ሁሉ ቀዘቀዘ። እኔም እንደ አዋቂ ድራመሩን ገላመጥኩት። ዘወር ስል ቤዚስቱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ትልቅ ሰው፣ አምፕሊፋየሩ ሥር ተንበርክከው ገመድ እየነካኩ ነው። ገመዱ ሲይዝላቸው ያ ወፍራም ድምፅ ከወለሉ ተነሣ፤ ሰዉም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ «ኧረ እሰይ!» ብሎ ተመለሰበት።

ቤዝ እንዲህ ነው፤ መኖሩ የሚታወቀው ሲጎድል ነው። የባለ አራት ክሩ ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ የስልካችን ትንሿ ስፒከር ይህን ያህል የወረደ ድምፅ በወጉ ማውጣት አይሆንላትም። ጆሯችን ግን ከላይ ከሚሰማቸው ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። እንግዲህ በስልክ የምናዳምጥ ሰዎች ግማሹን ቤዝ የምንሰማው በግምት ነው ማለት ነው።

ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ካወጣው አልበም ውስጥ «ሙዚቃዊ ስልት»ን አንጎራጉር ብትሉት ሰው ሁሉ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ዜማ ይላችኋል። ከሥር ሆኖ ያን ሁሉ የተሸከመው ቤዚስቱ መላከ ገብሬ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ጆቫኒ ሪኮም እንዲሁ ነው፤ በኢቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ ስንቱን ድምፃዊ ከሥር ይዞ አዘፍኗል፤ ከካሴቱ ሽፋን ላይ የምናስታውሰው ግን የድምፃዊውን ፎቶግራፍ ነው። ባሕር ማዶም ቢሆን ያው ነው። በዴትሮይቱ የሙዚቃ አሳታሚ ሞታውን የተቀዱትን ስንትና ስንት ዝነኛ ዘፈኖች የተጫወተው ጄምስ ጃመርሰን፣ ያውም በአንዲት ጣት እየነጠቀ፣ ስሙ ሳይጻፍለት ዓመታት አልፈው እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የዘፋኙ ማርቪን ጌይ አልበም ላይ ሰፈረለት። በ1983 ሞተ፤ የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ የገባው በ2000 ነው።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ። በዝግጅቱ መጨረሻ ማይክሮፎኑን ይዤ ድምፃዊውን አስጨበጨብኩለት፤ ኪቦርዲስቱን፣ ሊድ ጊታሪስቱን፣ የገላመጥኩትን ድራመር ሳይቀር በየስማቸው ጠራሁና «እናመሰግናለን! አሁን ወደ ኬኩ» አልኩ። ያን ስል ዓይኔ ቤዚስቱ ላይ ነበር። ተራቸው የደረሰ መስሏቸው ቀኝ እጃቸውን ከደረታቸው ከፍ አድርገው ነበር፤ እኔ «ኬኩ» ስል እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ክር ሊያስተካክል የተነሣ ይመስል ወደ ጊታሩ አንገት ሄደ። ክሩ ግን የተስተካከለ ነበር። ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነው፤ «ይቅርታ፣ አንድ ሰው ረሳሁ» ለማለት አምስት ሰከንድ አይፈጅም ነበር፤ አላልኩም። ስማቸውን ወረቀቴ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፤ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ።

ዕቃ ሲጭኑ ደርሼባቸው «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ምን ታደርገው ልጄ፤ ገመዱ ነው፣ አርጅቷል» አሉኝ።

ስለ ገመዱ ያወራሁ መስሏቸው ነው? ወይስ በደንብ ገብቷቸው እኔን ከኀፍረት ለማውጣት ነው ገመዱን የጠሩት? ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ፤ አንድ ቀን አንደኛውን አምኜ አድራለሁ፣ በማግስቱ ሁለተኛውን። አንዳንዴ ቤዚስት ጭብጨባ አይሻም እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ይህ የእኛ የምስጋና ዕዳ የሌለብን ለመምሰል የምናወራው ወሬ ይሆን እላለሁ፤ ምክንያቱም ያ እጅ ተነሥቶ ነበር፣ አይቼዋለሁ።

ስልካቸውን ከድምፃዊው ተቀብያለሁ። ትናንት አዌቱ ድልድይ ጋ ቆሜ ልደውል ብዬ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና ተውኩት። ገመዱን ቀየሩት ወይ ብዬ ልጠይቃቸው ይሆን... ቆይ፣ ዝናቡ አሁንስ ጭራሽ ብሶበታል፣ ትሰሙኛላችሁ?