ኤፒአዩን ከመዝጋታችሁ በፊት ንገሩን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ አፕ የሚሠሩ ልጆች፣ እና እነዚያ ልጆች በላዩ ላይ አፕ የሚሠሩበትን ሲስተም የያዙ ኩባንያዎች ተወካዮች። የሚያገናኛችሁ ኤፒአይ ነው፤ ማለትም የልጆቹ አፕ ከኩባንያው ሲስተም መረጃ የሚቀበልበትና የሚልክበት በር። ሁለታችሁንም አንድ ላይ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ በቀጥታ ላውራ።

ዛሬ ኤክስ የሚባለውን የትዊተርን ታሪክ ላስታውሳችሁ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ትዊተር በ2006 ሲጀምር የራሱ የስልክ አፕ አልነበረውም። ክፍተቱን የሞሉለት ከኩባንያው ውጭ ያሉ ዴቨሎፐሮች፣ ማለትም አፕ ሠሪዎች ናቸው። አይከንፋክተሪ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ትዊተሪፊክ የሚባል የትዊተር ማንበቢያ አፕ ሠራ፤ ወፏን አርማ አድርጎ የተጠቀመውም ትዊተር ራሱ ወፍ ከመያዙ በፊት ነው። ስክሪኑን በጣታችን ወደ ታች ስበን አዲስ ነገር መጣ ወይ የምንለው፣ ዛሬ ሁላችንም ሳናስበው የምናደርገው ነገር፣ ሎረን ብሪክተር ትዊቲ በሚባለው አፑ ያመጣው ሐሳብ ነው። ትዊተር በ2010 ትዊቲን ገዝቶ የራሱ አፕ አደረገው። እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ነው፤ ሰውየው ሠራ፣ ኩባንያው ከፈለ።

ከዚያ ነገሩ ተለወጠ። በ2012 ትዊተርን ማንበቢያ አፕ የሚሠራ ሰው ከ100,000 በላይ ተጠቃሚ ከፈለገ ፈቃድ ይጠይቅ ተባለ። ማለትም ብዙ ሰው ከወደደህ ችግር ውስጥ ገባህ ማለት ነው። በጥር 2023 ደግሞ ኩባንያው ባለቤት ከቀየረ ጥቂት ወራት በኋላ ትዊተሪፊክም፣ ትዊትቦት የሚባለው ሌላ ማንበቢያ አፕም በአንድ ሌሊት ሥራ አቆሙ። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ኢሜይል የለም። ዴቨሎፐሮቹ ችግሩ የሰርቨር ይሁን የእነሱ ኮድ ማወቅ አልቻሉም። ከቀናት በኋላ “የቆየ ደንባችንን እያስከበርን ነው” ተባለ፣ የትኛውን ደንብ እንደሆነ ግን አልተነገረም። ትንሽ ቆይቶ እንዲህ ዓይነት አፕ መሥራት የሚከለክል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ገባ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ዘጉ፣ ደንቡን የጻፉት ከዘጉ በኋላ ነው።

በጣም የሚያመኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የዓመት ክፍያ አስቀድመው የከፈሉ ደንበኞች ገንዘብ ሊመለስላቸው ነው፣ የሚመለሰውም ከእነዚያ ትንንሽ ቡድኖች ኪስ ነው። ስለዚህ አፑን ከፍተው ደንበኞቻቸውን “ገንዘቡ ባይመለስልኝም ግድ የለም በሉን” ብለው መለመን ነበረባቸው። ዓመታት ሙሉ ለኩባንያው ተጠቃሚ ሲያመጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው እኮ!

በዚያው ዓመት ሬዲት፣ ሰው በየርዕሱ ተሰብስቦ የሚወያይበት ድረ ገጽ፣ ተከተለ። የራሱን አፕ ያወጣው በ2016 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው በስልኩ ሲያነብ የኖረው ሌሎች በሠሯቸው አፖች ነበር። በ2023 የኤፒአይ ዋጋ ቆረጠ፦ አፑ መረጃ ስጠኝ ብሎ ለሚልከው 50 ሚሊዮን ጥያቄ 12,000 ዶላር። አፖሎ የሚባለውን ተወዳጅ አፕ የሠራው ክርስቲያን ሴሊግ ሲያሰላው በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር መጣበት። ዋጋውን ባወቀ በወር ገደማ፣ ሰኔ 30፣ አፑን ዘጋ። ዓይነ ስውራን ተጠቃሚዎችም ጮኹ፤ የኩባንያው አፕ ጽሑፉን በድምፅ ከሚያነብላቸው ፕሮግራም፣ ከስክሪን አንባቢ፣ ጋር በደንብ ስለማይሠራላቸው በሌሎቹ አፖች ነበር የሚጠቀሙት። ኩባንያው ለተደራሽነት ለተሠሩና ትርፍ ለማያገኙ አፖች ክፍያውን የተወው ጩኸቱ ከተሰማ በኋላ ነው።

እንዳትሳሳቱ፣ ኤፒአይ በነጻ ይሁን እያልኩ አይደለም። ሰርቨር ገንዘብ ይበላል፣ ኩባንያም ማትረፍ አለበት። ተመጣጣኝ ዋጋ፣ በቂ ጊዜ ሰጥቶ ቢጠይቅ ማንም አያማርርም። እኔን የሚያናድደኝ ሰውን በግቢህ ቤት ሥራ ብለህ ጋብዘህ፣ ቆርቆሮውን መትቶ ከጨረሰ በኋላ ማባረር ነው።

ይህ የአሜሪካ ጣጣ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እዚሁ አዲስ አበባ በቴሌግራም ቦት፣ ቴሌግራም ውስጥ በራሱ በሚመልስ ፕሮግራም፣ እንጀራውን የሚበላው ልጅ ስንት ነው? አሁን ደግሞ የክፍያ ድርጅቶችና ባንኮች ኤፒአይ እየከፈቱልን ነው፤ ሱፐር አፕ ውስጥ፣ ማለትም ብዙ አገልግሎት በያዘ አንድ ትልቅ አፕ ውስጥ፣ ሚኒ አፕ ሥሩ እየተባልን ነው። ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ግን ከአሁኑ እንነጋገር።

ልጆች፣ ለእናንተ አጭር ነው፤ የደንበኛችሁን ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል በፈቃዱ ያዙ፣ አንዱ ኤፒአይ ሲዘጋ የት እንደሄዳችሁ የምትነግሩት መንገድ ይኑራችሁ።

ከኩባንያዎቹ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከእናንተ የምንፈልገው ውሉ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው። ዋጋ ስትቀይሩ ወይም ስትዘጉ ቢያንስ 6 ወር አስቀድማችሁ ንገሩን። አፕ ስትከለክሉ ምክንያቱን ጻፉ፣ “መመሪያ ጥሷል” ብቻ አይበቃም፣ የትኛውን? ስንቸገር ስልክ የሚያነሳ ሰው መድቡልን። የእኛን ሐሳብ ከወደዳችሁት ደግሞ እንደ ትዊቲ ግዙት እንጂ የተጠቃሚዎቻችንን ብዛት አይታችሁ ራሳችሁ አትሥሩት።

አሁን ማይኩን ወደ እናንተ አዞራለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ለሁላችሁም አንድ ነው፦ ዛሬ በእጃችሁ ባለው ውል ላይ፣ ኤፒአዩን ከመዝጋታችሁ በፊት ስንት ቀን ትሰጡናላችሁ? በየተራ መልሱልኝ።